በበዓለ ሃምሳ የተጾመች ረቡዕ

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ናት። ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብሳታል። ሁለት ነገር ሞልቷታል፦ ወተትና ሯጭ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር የቆመ ሰው፣ ወተት የጫነ ባጃጅና ቱታ የለበሰ ወጣት ሲተላለፉ ያያል።

እዚያው አካባቢ ባለች አንዲት የግል ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ቀን እሠራለሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ሰዉ ዶክተር ይለኛል፤ ማስተካከል ከተውኩ ቆይቻለሁ።

የዚህችን ልጅ ታሪክ የምጽፈው በፈቃዷ ነው። ማንነቷን የሚያሳውቀውን አውጥቻለሁ፣ አንዳንዱን ዝርዝር ቀይሬያለሁ። ፈቃድ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና "አሰልጣኞች የሚያነቡት ከሆነ ይጻፍ" አለችኝ።

የ20 ዓመት ወጣት ናት። 5 ሺህ ሜትር ትሮጣለች። ከሰሜን ሸዋ ገጠር መጥታ አክስቷ ቤት ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። አክስቷ ሦስት ላም አላቸው፣ ወተት ይሸጣሉ። ወላጆቿ ገጠር ናቸው። ከእሷ ሯጭነት ብዙ ይጠብቃሉ። ምን ያህል እንደሚጠብቁ የገባኝ በኋላ ነው።

የመጣችው ጨጓራዬን ብላ ነው። እኛ አገር ጨጓራ የማይሸከመው ነገር የለም። ሐዘንም ጨጓራ ነው፣ የቤት ኪራይም ጨጓራ ነው። "ሁለት ጉርሻ ስበላ እዚህ ጋ ይቆማል፣ ይነፋኛል" ትላለች፣ እጇን ደረቷ ሥር አድርጋ። አምስት ወር ሦስት ቦታ ታክማለች። አንዱ ታይፎይድ ነው ብሎ መርፌ ወጋት። አንዱ የጨጓራ ባክቴሪያ ነው ብሎ የሁለት ሳምንት ክኒን ሰጣት። ሦስተኛው ኦሜፕራዞል ጽፎ ቅመም ተዪ አላት። ይኼኔ ግራ ቅልጥሟን ያማት ጀመር። ከተማ ወርዳ ኤምአርአይ ስትነሣ አጥንቱ ላይ ስንጥቅ ተገኘ። አልወደቀችም፣ አልተመታችም። በ20 ዓመቷ አጥንቷ ከሩጫ ብቻ ተሰነጠቀ።

የክሊኒካችን ሐኪም ጠንቃቃ ሰው ነው። ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪ፣ እንቅርት፣ ስኳር፣ እርግዝና፣ የአንጀት ትላትል፣ ሁሉንም አስመረመረ። ከደም ማነስ በቀር ምንም የለም። የወር አበባዋ ግን ከቀረ ዘጠኝ ወሩ ነው። ወረቀቱ ላይ "ጭንቀት ይሆን?" ብሎ ከጥያቄ ምልክት ጋር ወደ እኔ ላካት።

እኔም ሳትኩት።

የመጣችው በሁዳዴ አጋማሽ ነበር። ቁመቷ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቷ 42 ኪሎ። ክብደትን ለቁመት ስናሰላው 16 ላይ ትወድቃለች። ከ18 ተኩል በታች ከሲታ ይባላል፤ 16 ሲደርስ ደግሞ ለማንም ሰው የሚያሰጋ ነው። ግን ሯጭ አይደለች? የልብ ምቷ በደቂቃ 40 ነበር። ሯጭ አይደለች? የወር አበባዋንም ራሷ ገላገለችኝ፦ "ጠንክረን ስንሠራ ይቀራል፣ ሁላችንም እንደዛ ነን።" እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ሁዳዴ ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ አትነካም፤ ያው ሁዳዴ ነው። ለያንዳንዱ ምልክት አንድ የተከበረ ምክንያት አለው። ሁሉንም ተቀበልኳቸው።

ነገሩ ጨርሶ አልጠረጠርኩም ማለት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1999 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንዲሁ) የተዘጋጁ አምስት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። የአመጋገብ መዛባት ያለበትን ሰው ቶሎ ለመለየት ይጠቅማሉ። ሁለቱን "አዎ" ያለ ሰው ጠለቅ ብሎ ይታያል። ጠየቅኳት። ሆድሽ ሲሞላ ሆን ብለሽ ታስመልሻለሽ? አላስመልስም። መብላት ከጀመርሽ ማቆም ያቅትሻል? አያቅተኝም። በሦስት ወር ውስጥ ስድስት ኪሎ ያህል ቀንሰሻል? አልቀነስኩም። (እውነቷን ነው። ስምንት ኪሎ የቀነሰችው በ14 ወር ነው፣ ቀስ ብላ።) ሰው ቀጭን ነሽ እያለሽ ወፍራም የሆንሽ ይመስልሻል? ሳቀች። "እኔ? ወፍራም?" የምግብ ሐሳብ ሕይወትሽን ተቆጣጥሮታል? እዚህ ላይ የመለሰችልኝን አልረሳውም። "ዶክተር፣ በሁዳዴ ስለ ምግብ የማያስብ ማን አለ?"

እኔም ሳቅኩ። ከአምስቱ አንድም አዎ የለም። ፋይሏ ላይ "ቀላል ድብርት፣ ከእግር ጉዳት ጋር የተያያዘ" ብዬ ጻፍኩና ከፋሲካ በኋላ እንድትመለስ ቀጠርኳት።

ረቡዕ

ከፋሲካ በኋላ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከአክስቷ ጋር መጣች። ክብደቷ 41 ከግማሽ። ወረፋ ስለነበር ውጭ ከምትገኘው ሻይ ቤት ቡና አዘዝኩና "ለናንተስ? ማኪያቶ ይሁን?" አልኳቸው።

ልጅቷ "ለኔ ጥቁር ሻይ። ረቡዕ ነው" አለች።

አክስቷ ዞር ብለው አይዋት። "ምን ረቡዕ?"

"ረቡዕ ነዋ ዛሬ።"

"አንቺ ልጅ፣ በበዓለ ሃምሳ ምን ረቡዕ አለ?"

ለማያውቅ ሰው፦ ኦርቶዶክሱ ዓመቱን ሙሉ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እሷም ታውቃለች፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ናት። ፊቷ ቀላ። አክስቷ በጭንቀት የሆዳቸውን ዘረገፉት። ለካ ፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጡን የሠራችው ራሷ ናት። 12ቱን ብልት አውጥታ፣ አጥባ፣ ቁሌቱን አብስላ፣ ለሁሉ አቅርባ፣ እሷ "ጨጓራዬ ተነሣብኝ" ብላ ተኝታለች። በማግስቱም። በሳምንቱም።

እኔ በተማርኩት ጥያቄ ያላገኘሁትን እሳቸው በአንዲት ረቡዕ አገኙት። ጾም ይፈታል። የሷ ሊፈታ አልቻለም።

ብቻዋን ስንቀመጥ ብዙ ዝም አለች። በኋላ ግን እንዲህ አለችኝ፦ "አምና ሁዳዴን ጾምኩ። ጾሙ ተፈታ፤ እኔ ግን አልተፈታሁም።"

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አሰልጣኟ ልምምድ ላይ "ሁለት ኪሎ ብትቀንሺ ትበሪያለሽ" አሏት። ቅቤ ተወች። ከዚያ ሁዳዴ ገባ፣ ሥጋና ወተቱ ቀረ። ሰዓቷ በ11 ሴኮንድ ወረደ። ይህ መዝለል የሌለብኝ ነገር ነው። መጀመሪያ ሠራላት። ሰው አጨበጨበላት፣ አባቷ ከገጠር ደውለው መረቋት። ፋሲካ ሲመጣ ወተቱን መመለስ አቃታት። "ስበላ ይከብደኛል። ሆዴ ባዶ ሲሆን ቅልል ይለኛል። ቅልል ሲለኝ ነው ራሴን የምወደው።" ቆንጆ ልሁን አላለችም፣ ቀጭን ልሁንም አላለችም። የሷ ቃል ቅልል ነው።

ያን ማታ የቆዩ ጽሑፎች ሳገላብጥ አመሸሁ። አኖሬክሲያ የሚባለውን፣ ሰው ራሱን የሚያስርብበትን ሕመም በ1873 ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ ገልጸውታል፤ ላሴግ ፓሪስ ላይ፣ ጋል ለንደን ላይ። ሁለቱም "መወፈርን መፍራት" የሚል ነገር አልጻፉም። የላሴግ በሽተኞች ስበላ ያመኛል የሚሉ ነበሩ፤ ልክ እንደኛ ጨጓራ። መወፈርን መፍራት የሕመሙ ዋና መለያ የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በ1990ዎቹ ሲንግ ሊ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሆንግ ኮንግ ላይ ብዙ በሽተኞቹ ውፍረትን እንደማይፈሩ፣ ሆዴ ይነፋል፣ አያሰኘኝም እንደሚሉ አሳየ። ለእኔ ይበልጥ የቀረበኝ ግን በ2004 የታተመ የጋና ጥናት ነው። 668 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች ተመዝነው፣ አሥሩ ራሳቸውን በማስራብ ብቻ የከሱ ሆነው ተገኙ። ስለ ቅጥነት አይጨነቁም። ምግብ መተዋቸውን በሃይማኖት ነበር የሚያስረዱት፤ ራስን መግዛት፣ ረኃብን ማሸነፍ።

በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ሁለት ነገር ለውጧል። የወር አበባ መቅረት የግድ መሆኑ ቀረ። ሰውዬው "መወፈር እፈራለሁ" ባይልም፣ ክብደት እንዳይጨምር የሚያደርግ ነገር ደጋግሞ ከሠራ ይበቃል። ይህን ፈተና ልፈተንበት አንብቤው ነበር። ልጅቷ ፊቴ ተቀምጣ ግን ትዝ አላለኝም።

የክሊኒኩ ሐኪም ተከራከረኝ። "ይኼ የሯጮች የኃይል እጥረት ነው፣ የአእምሮ ሕመም አታድርገው" አለኝ። ነጥብ አለው። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 ስም አውጥቶለታል። ሯጭ የሚያወጣውን ያህል ሳይበላ ሲቀር ሰውነት ይቆጥባል፦ የወር አበባ ይዘጋል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ልብ ይዘገያል። አንዳንዱ ሯጭ እንዲህ የሚሆነው ሳያውቅ ነው፤ ብላ ሲሉት ይበላል፣ ይድናል። እሷ ግን በስብራቱ ምክንያት መሮጥ ካቆመች ሰባት ሳምንት ሆኗታል። አልበላችም። ይባስ ብሎ ሌሊት ተነሥታ ግቢውን ትጠርጋለች፣ ከበር እስከ በረት ትመላለሳለች። አክስቷ ጸሎት መስሏቸው ነበር። እዚህ ላይ ሐኪሙ ዝም አለ። ሁለቱንም ጻፍን፤ የኃይል እጥረቱንም፣ አኖሬክሲያውንም።

ሌላም ነገር ነበር። ማታ ማታ ቲክቶክ ላይ የምታየው የምግብ አሠራር ብቻ ነው። ፒዛ፣ ጭኮ፣ የዓረብ ጣፋጭ። ታፍር ነበር፤ "ስግብግብ ሆንኩ" ትላለች። አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ ስለተደረገ የረኃብ ጥናት ነገርኳት። ከ1944 እስከ 45፣ 36 ጤነኛ ወንዶች ፈቅደው ለ24 ሳምንት የምግባቸው ግማሽ ያህል ተቀነሰባቸው። ምግብ እንጂ ሌላ ማሰብ አቃታቸው። የወጥ ቤት መጽሐፍ የሚሰበስቡ ሆኑ፣ ሳህን የሚልሱ ሆኑ። ተናደዱ፣ ተከዙ፣ ከሰው ራቁ። ከዚያ በፊት አንዳቸውም እንዲህ አልነበሩም። "ወንዶች ናቸው?" አለችኝ ሁለት ጊዜ። ወንዶች ናቸው አልኳት። ካወራነው ሁሉ የጠቀማት ይሄ ይመስለኛል።

ሳህኑ

ሕክምናው የተጀመረው በሐኪሙ በኩል ነው። የልብ ምርመራ፣ የደም ጨዎች፣ ተኝታና ቆማ የደም ግፊት መለካት። ስትቆም ግፊቷ ይወርድ ነበር፤ የሠለጠነ ሯጭ ልብ ብቻ ቢሆን እንዲህ አይሆንም። ከ40 ኪሎ ከወረደች ያለ ክርክር ሆስፒታል እንደምትገባ ተስማማን። ምግቡም ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በአንዴ ሲጠግብ ደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት ይወርድና ልቡን ሊያቆመው ይችላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስር ቤቶች የወጡ ሰዎች እንዲህ ሞተዋል። አክስቷ በመጀመሪያው ቀን በቅቤ የራሰ ገንፎ ሊያበሏት ተነሥተው ነበር።

"ምግብ የሚያስበላ ክኒን የለም?" አሉኝ። የለም። ለቡሊሚያ፣ ማለትም ከልክ በላይ በልቶ ለሚያስመልስ ሰው፣ ፍሉኦክሰቲን ይረዳል። ለከሳ ሰው አኖሬክሲያ ግን መድኃኒቱ ምግብ ነው።

ማን ያብላት? በ1987 ለንደን ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ልጅ ሳሉ ለታመሙና ሕመሙ ላልቆየባቸው፣ ቤተሰቡ ማዕዱን ሲረከብ ውጤቱ እንደሚሻል አሳይቷል። ያ ለታዳጊ ነው። እሷ 20 ዓመቷ ነው። ግን ቤት ያለ ሰው አላት፤ ስለዚህ አክስቷን ጠየቅኳቸው።

ችግሩ ትሪው ነበር። ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ደስ የሚል ባህል ነው፤ ለዚህ ሕመም ግን ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አላውቅም። ማን ስንት ጉርሻ እንደበላ የሚቆጥር የለም። እጇን ትሰዳለች፣ እንጀራ ትቆርሳለች፣ ወጡን ትነካካለች፣ ወደ ሌላው ታስጠጋለች። "ብሉ እንጂ" ትላለች። ውሃ ልታመጣ ትነሣለች። አክስቷ "ኧረ ከኛ ጋ ትበላለች!" ሲሉኝ የነበረው ከልባቸው ነው።

ለብቻዋ ሳህን ይቅረብላት ስል ደነገጡ። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፣ ዶክተር።" እሳቸውም በራሳቸው ሳህን አጠገቧ ቁጭ ብለው እንዲበሉ ተስማማን። ሁለት ሰው፣ ሁለት ሳህን፣ ሠላሳ ደቂቃ። መጀመሪያ ጉርሻ ሞክረው ነበር። አልሠራም። በጉንጯ ይዛ ወጥታ ትተፋው ነበር። ሲያውቁ ሁለቱም አለቀሱ። ጉርሻውን አቆምን።

የንስሐ አባቷን ያነጋገርኩት በሷ ፈቃድ ነው። ፈርቼ ነበር፣ ያለቦታዬ የገባሁ እንዳይመስል። እሳቸው ከእኔ ቀድመው ገባቸው። የአዋጅ ጾም አለ፣ የፈቃድ ጾም አለ፤ የፈቃዱም ቢሆን በንስሐ አባት ምክር ነው። "ይህን ማን አዘዘሽ?" አሏት። ማንም። "ፍቺውስ መቼ ነው?" መልስ አልነበራትም። እስክትድን ረቡዕም ዓርብም እንዳትጾም አዘዙ። ወደ እኔ ዞረው "በጾሙ ፈንታ ስግደት ልስጣት?" አሉኝ። "ኧረ አባ፣ ስፖርት ታደርገዋለች!" አልኩ። ሳቁ። ዳዊት ትድገም ተባለ።

አሰልጣኙም መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው "እኔ እኮ ሁለት ኪሎ ነው ያልኩት" ይሉ ነበር፣ ደጋግመው። ቡድናቸው ውስጥ የስንቶቹ የወር አበባ እንደቀረ ጠየቅኳቸው። አፈሩ። ወንድ አሰልጣኝ ይህን አይጠይቅም አሉኝ። ምን ላድርግ ሲሉኝ፣ በየሳምንቱ ሰው ፊት መመዘኑን እንዲያቆሙ ነገርኳቸው። አቁመዋል፤ ቢያንስ እሷ እንዲህ ትላለች።

ወደ ላይ ብቻ አልሄደም። ሐምሌ መጨረሻ 45 ደርሳ ነበር። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ገባ። ሕፃናቱ ሁሉ የሚጾሟት ጾም ናት። ተደብቃ ጾመች፤ በ15 ቀን ሁለት ኪሎ ወረደች። ስትነግረኝ "ሰው ሁሉ ሲቆርብ እኔ ብቻ ወተት ጠጥቼ እንዴት ልቁም?" አለች። ይህን በሕክምና መጽሐፍ መመለስ አይቻልም፤ አልሞከርኩም። አባ ጋ ሄደች። ምን እንዳሏት አልጠየቅኩም። መስከረም ላይ ወደ ሳህኑ ተመለሰች።

በታኅሣሥ ሐኪሙ 20 ደቂቃ ሶምሶማ ፈቀደላት። ጥር ላይ የወር አበባዋ መጣ። አክስቷ ደውለው ያበሠሩኝ እንደ ልደት ነው። የካቲት ላይ 49 ኪሎ ነበረች። ውድድር አልገባችም። እንደምትገባም እርግጠኛ አይደለችም። አባቷ ከገጠር ሲደውሉ አሁንም መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ሰዓቷ ነው።

በሚቀጥለው ሁዳዴ 55ቱንም ቀን ወተት ጠጣች፣ በር ዘግታ። ፋሲካ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። አክስቷ ናቸው።

"ዶሮውን በላች" አሉኝ በሹክሹክታ።

"እንቁላሉንስ?"

ትንሽ ዝም አሉ። "እንቁላሉን ለልጄ ሰጠችው።"

ሁለቱንም ፋይሏ ላይ ጻፍኳቸው።